ከበሮ ተሸካሚ ወላጆች

የትምህርት ቤት ባንድ ውድድር ተማሪዎች በትራምፔት፣ በክላርኔት፣ በሳክስፎንና በከበሮ ያጠኑትን ዜማ ይዘው ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ባንዶች ጋር በዳኞች ፊት የሚቀርቡበት ዝግጅት ነው። አንድ ባንድ በሜዳው ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው። ለዚያች ሩብ ሰዓት ከንጋት እስከ ምሽት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ሳንቲም የማይከፈላቸው የተማሪዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸው።

ልማዱ የደረጀው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በቺካጎ የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ሲካሄድ ከጀርባው የነበሩት የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች ነበሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አልቆ የጦር ባንዶች ገበያ ሲቀዘቅዝ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ትምህርት ቤት አዞሩ። መሣሪያ መሸጥ ግን ባንድ ማቆም አይደለም። ዩኒፎርሙን የሚያሰፋ፣ አውቶቡስ የሚከራይ፣ ልጆቹን የሚያበላ ያስፈልጋል። ያ ዕዳ በወላጅ ላይ ወደቀ፤ ወላጆችም ማኅበር እያቋቋሙ ተሸከሙት።

የኢትዮጵያው መንገድ ሌላ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በስጦታ የመጡት የትንፋሽ መሣሪያዎች የገቡት ቤተ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው የ«አርባ ልጆች» ባንድ አባላት ደግሞ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። በሀገሪቱ ስሙ የገነነው የወጣቶች ባንድ ከበሮ የሚሸከምለት እናትና አባት አልነበረውም ማለት ነው፤ ኑሮውን የቻለው መንግሥት ነው። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶችም ከዚያው ቤት ወጡ። መሣሪያው የመንግሥት፣ ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ሲሆን ወላጅ ቢመጣ ለማየት ነው። «የባንድ ወላጅ» የሚባል ነገር በአማርኛ ስም ያላገኘው ለዚህ ይመስላል። ስም አላገኘም እንጂ ሥራው አለ።

የአነደድ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው እንደ አምበር ባለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ከባንድ ውድድር ጋር የሚቀራረበው የወላጆች ቀንና የክበባት ውድድር ነው። ተማሪው መዝሙር፣ ድራማና እስክስታ ያቀርባል፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ድምፅ ማጉያውን ይይዛል። ዳስ የሚጥለው፣ ወንበር ከየቤቱ የሚያሰባስበው፣ ለልጆቹ ጥበብ ቀሚስ ከጎረቤት የሚዋሰው ወላጅ ነው። የትምህርት ቤቱ አገናኝ የወላጅ መምህር ህብረት፣ በአጭሩ ወመህ ይባላል። በጥምቀትም የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን እየዘመሩ ታቦት ሲያጅቡ ከጎናቸው ውሃ የሚያቀብል፣ ለደከመው ከበሮ የሚቀበል ሰው አይጠፋም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ የትምህርት ቤቱ ዝግጅት በብዙ ቦታ ተቋርጧል።

በወንፈል ያደገ ገበሬ ለጋራ ሥራ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ወንፈል ብድር አለው፤ ዛሬ ያጨደለት ሰው ነገ ያጭድለታል። የትምህርት ቤቱ ሥራ ግን ብድር መላሹ አይታወቅም። በየጊዜው የሚመጡት እነዚያው አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው የሚለው ቅሬታም በጎጃምም በአሜሪካም አንድ ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥራ የሚያውቁት በልጆቻቸው በኩል ነው። በውድድሩ ቀን መጀመሪያ የሚሠራው ቆጠራ ነው፤ ልጆቹ በስም፣ መሣሪያዎቹ በሣጥን ይቆጠራሉ። ትልልቁን ከበሮና ሌሎቹን ባለ ጎማ መሣሪያዎች ወደ መኪና የሚጭኑት፣ ሜዳው ላይም ገፍተው የሚያስገቡት አባቶች ናቸው። በብዙ ውድድሮች ከተመደበው ሰዓት በላይ ሜዳውን የያዘ ባንድ ነጥብ ስለሚቀነስበት፣ አንድ የተፈታ ጎማ የወራት ልምምድ ሊያበላሽ ይችላል። አንዲት እናት በወገቧ ቦርሳ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ፕላስተር ይዛ ትዞራለች። ባንዱ ሊጠራ ሲል የአንዱ ልጅ ቁልፍ ይበጠሳል። እሱ መሣሪያውን እንደያዘ ይቆማል፤ እሷ ተንበርክካ ትሰፋለች፤ ክሩንም በጥርሷ በጥሳ ትለቀዋለች። ምግቡም ዘዴ ይፈልጋል። ቀኑ ጾም ከሆነ የሚጾም ልጅ ያለው ቤት የጾም ምግብ ለይቶ ይቋጥራል።

መሣሪያውን ከአየር ጠባይ መጠበቅ ብዙ ወላጅ ሳይዘጋጅበት የሚገጥመው ሥራ ነው። ትራምፔትና ትሮምቦን ሲበርዳቸው ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ሲሞቃቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት ተጫዋቹ ከመግባቱ በፊት በባዶው ትንፋሽ እየነፋበት ያሞቀዋል። የክላርኔት ምላስ ከሸንበቆ ዘር የተቀረፀ ቀጭን ስንጥር ነው፤ ሲነካ ይሰነጠቃልና ትርፍ መያዝ ግድ ነው። በጎጃም ደጋም ነገሩ ያው ነው። እርጥበት ሲገባው የከበሮ ቆዳ ይላላል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጡታል። የማሲንቆ ጭራ ሙጫ ካልተቀባ አይናገርም። ክራሩ ደግሞ በአይሱዙ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ቅኝቱ ስለሚፈታ፣ መድረክ ጀርባ እንደገና የሚቃኝበት ጸጥ ያለ ጥግ የሚፈልግለት ሰው ያስፈልጋል።

በጎ ፈቃደኛው የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። ዳኛ አያነጋግርም፤ ነጥብ ላይ አይከራከርም። በር እንዲጠብቅ የተመደበ ወላጅ ዜማው ካላለቀ ማንንም አያስገባም፣ የራሱን ወንድምም ቢሆን። የሌላ ልጅ ሲሳሳት አይቆጣም፤ ያ የመምህሩ ድርሻ ነው። ከልጆች ጋር ለመሥራት በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ይጠየቃል፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው በዝግ ክፍል እንዳይቀር የሚደረገውም ለልጆቹ ደኅንነት ነው። መዋጮ ላይ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከትንሹ ገንዘብ ነው፤ ሰብሳቢና መዝጋቢ ሁለት ሰው ሆነው በደረሰኝ ቢሠሩ ወሬ አይነሣም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የገዛ ልጅን እንደ ሌሎቹ ማየት ነው። ውሃ አዳዩ አባት ለልጁ ቀድሞ ከሰጠ ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩታል።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ሥራው አያልቅም። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ባንድ ዩኒፎርሙ ላብ የጠጣ ነው፤ ተሰብስቦ ይሰቀላል፤ መሣሪያው ተጠርጎ ወደ ሣጥኑ ይገባል። የጠዋቱ ዝርዝር እንደገና ይወጣል። መኪናው መሽቶ ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ ሊወስደው ለመጣ ቤተሰብ በእጅ ይተላለፋል፤ ያልተጠራ ስም እስካለ መኪናው በር ላይ የቆመው ወላጅ አይሄድም።