አል-ኢቲሃድ አል-ኢስላሚያ
አል-ኢቲሃድ አል-ኢስላሚያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያ የተመሠረተ አክራሪ የታጠቀ ቡድን ነበር። በ1996 በአዲስ አበባ ሆቴሎች ለደረሱ ፍንዳታዎች ተጠያቂ ተባለ፤ በዚያው ዓመትና በ1997 የኢትዮጵያ ጦር በሉቅ ከተማ አካባቢ የነበሩትን ሰፈሮቹን ደመሰሰ።

ቡድኑ ቢዳከምም መሪዎቹ አልጠፉም። መንግሥት ባልነበራት ሞቃዲሾ የጎሳ ሽማግሌዎችና ነጋዴዎች ዘረፋን ለማስቆም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን አቋቋሙ። የቡድኑ የቀድሞ መሪ ሐሰን ዳሂር አዌይስ የራሱ ጎሳ በሚደግፈው ፍርድ ቤት በኩል እንደገና ገነነ። ፍርድ ቤቶቹ ተባብረው በ2006 ከተማዋን ያዙ፤ ከወጣት ታጣቂዎቻቸውም አል-ሸባብ ወጣ።

በአንጻሩ በ2022 በሂራን ክልል ግድያውና የግዳጅ ግብሩ ያስመረራቸው የጎሳ መሪዎች ሕዝባቸውን አስነሥተው ከመንግሥት ጦር ጋር አል-ሸባብን ከብዙ መንደሮች አስወጡ።