አንዱ ክፍል ከጎረቤቶቹ ጋራ

በሲሊከን ቺፕ ላይ የተዘረጋ የማስተላለፊያ መስመር፣ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ትራንዚስተሮች በተጫኑበት ጊዜ፣ የቀድሞ ጠባዩን ትቶ ሌላ ጠባይ ይለብሳል። የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ማጉያዎችን በመንደፍ ሥራዬ ዘወትር የማስበው ይህንኑ ስለ ሆነ፣ በሲሙሌሽን ረገድ የማምንበትን ሥርዐት ለባልደረቦቼ ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ ጥንታዊ መሠረት አለው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 ገደማ ተመራማሪዎቹ ፑፒንና ካምቤል በረዥሙ የስልክ መስመር ላይ በየርቀቱ ጥቅል ሽቦ ሲያስገቡ፣ ርቀቱ ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ ካላነሰ ጭነቱ ከመጥቀም ይልቅ መንገድ እንደሚዘጋ ተረድተዋል፤ እኛም በጥቅሉ ሽቦ ፈንታ የትራንዚስተርን ካፓሲታንስ ብንጭን ሕጉ ያው ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። 70 ኦም ኢምፔዳንስ ያለው፣ ሞገዱም በብርሃን ፍጥነት እኩሌታ የሚሄድበት መስመር በየ200 ማይክሮሜትሩ 18 ፌምቶፋራድ ቢጫንበት፣ ኢምፔዳንሱ ወደ 50 ኦም ይወርዳል፣ ፍጥነቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲው ከ200 ጊጋሄርዝ ጥቂት ከፍ ሲልም ከየትራንዚስተሩ የሚመለሱት ጥቃቅን ነጸብራቆች ኅብረት ፈጥረው ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ርቀቱንና ጭነቱን አብረን በእኩሌታ ብናሳንስ፣ ኢምፔዳንሱ ሳይለወጥ ሞገዱ የሚመለስበት የፍሪኩዌንሲ ወሰን እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ኮምፒዩተሩን ከመክፈት በፊት በወረቀት መጨረስ ይገባል።

አንዱን ክፍል፣ ማለትም አንዱን ትራንዚስተር ከመስመሩ ቁራጭ ጋራ፣ ብቻውን በኤሌክትሮማግኔቲክ ሲሙሌተር አስልቶ የማስተላለፊያ ማትሪክሱን ደጋግሞ ማባዛት የተለመደና ፈጣን መንገድ ነው። ዳሩ ግን በማኅሌት መካከል የቆመ ደብተራ የግራና የቀኙን እየሰማ ዜማውን እንደሚያስማማ ሁሉ፣ ክፍሉም ከጎረቤቶቹ በሚደርስበት መግነጢሳዊ መስክና በመሬቱ ብረት በሚመለሰው ጅረት ጠባዩ ይለወጣል፤ ብቻውን ሲሰላ ግን ይህ ሁሉ ይጎድልበታል። ስለዚህ ሦስት ክፍል ያለውንና አራት ክፍል ያለውን መስመር ለየብቻ አሰላለሁ፤ የአራቱን ማትሪክስ በሦስቱ ኢንቨርስ ሳባዛው፣ የሚገኙት አይገን ዋጋዎች በጎረቤቶቹ መካከል የሚኖረውን የአንዱን ክፍል የሞገድ ጕዞ ይገልጻሉ፣ በሁለቱም ጫፍ ያለው የፖርት ተጽዕኖም በሁለቱ ስሌት ውስጥ አንድ ስለ ሆነ ይወገዳል። ውጤቱ ከነጠላው ክፍል ጋራ ከተስማማ በነጠላው እቀጥላለሁ፤ ካልተስማማ ግን ስሕተቱ በስሌቱ ሳይሆን በአቀማመጡ ስለ ሆነ፣ ክፍሎቹን ማራራቅ ወይም በመካከላቸው መከለያ ማኖር ያሻል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከትራንዚስተሩ ወደ መስመሩ የሚወጣው ቀጭን ብረት በትራንዚስተሩ ሞዴልም በሲሙሌተሩም ተካትቶ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር እመለከታለሁ። ሦስት ፌምቶፋራድ ብቻ እንኳ ቢደገም እንደ ምሳሌው በተጫነ የጌት መስመር ላይ ያለው ፍጥነት በአራት በመቶ ገደማ ይዛባል፤ የጌትና የድሬን ሞገዶች እኩል እንዲደርሱ የሚሻ ማጉያ ደግሞ ስምንት ክፍል ሲደረደር ይህን ልዩነት ሊሸከም አይችልም። ስለሆነም ወጣት መሐንዲሶች ሆይ፣ ሞዴሉ የሚያበቃበትን፣ ሲሙሌተሩም የሚጀምርበትን የብረት ንብርብር ለይታችሁ በሥዕሉ ላይ በግልጽ ጻፉ።