በትንሽ ከተማ የቤተ ሰብ ሐኪም ስለ ማግኘት

የቤተ ሰብ ሐኪም ማለት ሕፃኑንም እናቱንም ሽማግሌውንም የሚያክም፥ የቤቱንም የሕመም ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም ነው። ይህ ሙያ በልዩ ትምህርትነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ስለ ሆነ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂቶች ናቸው፤ በትንሽ ከተማ በዚህ ስም ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው ግን ፈጽሞ የለም አይባልም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና መኮንኖች ትምህርት ቤት የተከፈተው ሐኪም ላልነበረው አውራጃ ታስቦ ነው፤ ዛሬም በብዙ ጤና ጣቢያ ሕመምተኛውን አስቀድሞ የሚመረምረው ጤና መኮንን ነው።

ስለዚህ ነዋሪው በጤና ጣቢያው አንድ ካርድ አውጥቶ ቁጥሩን ይጠብቅ፤ ከተቻለም ያንኑ መርማሪ እየጠየቀ ይግባ። በየጊዜው አዲስ ካርድ የሚያወጣ ሰው ታሪኩ ይበተንበታል፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበትን አብዝቶ የሚጎዳው ይህ ነው፤ መርማሪው የዛሬውን ልክ እንጂ ያለፈውን አያይምና። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልም ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ቢሄድ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲመለስም የሆስፒታሉን መልስ ለጤና ጣቢያው ያስረክብ፤ ብዙ ሰው ይህን ወረቀት በኪሱ ያስቀረዋል። የካርድ ክፍል ሠራተኞችም ቁጥሩ ለጠፋበት ሰው አዲስ ካርድ ከመስጠታቸው በፊት አሮጌውን በአባቱና በአያቱ ስም ሊፈልጉለት ይገባል።