ሁለቱ መንጋጋዎች የት ይገናኙ? የሰው ሠራሽ ጥርስ ዕጣ የሚወሰንበት ቀጠሮ

በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት፣ ከአልጋው አጠገብ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱ ማታ ለመተኛት አውልቆት ከሆነ ተገቢ ነው፤ ድድ እረፍት እንዲያገኝ ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። አሳሳቢ የሚሆነው ጥርሱ ቀኑንም በብርጭቆው ውስጥ ሲውል ነው። እንግዳ ሲመጣ ይደረጋል፣ ገበታ ሲቀርብ ይወልቃል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጡት መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። ሲያወሩበት ይንኳኳል፣ ሲበሉበት ይነሳል፣ ድድ ያቆስላል፣ አፍን ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳው የሚያርፈው በጥርሱ ጥራት ወይም በተጠቃሚው አለመልመድ ላይ ነው። የችግሩ ምንጭ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥርሶቹ ገና ሳይደረደሩ በተደረገ አንድ ቀጠሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህም ሐኪሙ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ የት ላይ እንደሚገናኙ የሚለካበት ቀጠሮ ነው። ባለሙያዎች ሥራውን የመንጋጋ ግንኙነት ምዝገባ ይሉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የዓለም ሰዎች 7 በመቶ የሚጠጉት አንድም ጥርስ የላቸውም። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 23 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ይህ ቀጠሮ የብዙ ቤተሰቦች ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ በዚህ ቀጠሮ ምን ይከናወናል? ለምንስ ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ?

ከጥርስ ጋር የሚጠፋው መለኪያ

ከፊት አጥንቶች መካከል የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ባሉ መገጣጠሚያዎች ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ እንዲሁም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጥርስ ያለው ሰው አፉን ሲገጥም መንጋጋው የት መቆም እንዳለበት አያስብም። ጥርሶቹ እርስ በርስ ተያይዘው መንጋጋውን ያስቆሙታል።

ጥርስ በሙሉ ሲያልቅ ታዲያ የሚጠፋው ማኘኪያ ብቻ አይደለም። ሁለት መለኪያዎችም አብረው ይጠፋሉ። አንደኛው ከፍታ ነው፤ ማለትም አፍ ሲገጠም በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት። ጥርሶች እንደ ምሰሶ ይህን ርቀት ጠብቀው ያቆያሉ። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር ከፊትና ኋላ፣ ከግራና ቀኝ የት ላይ መዋል እንዳለበት ማለት ነው።

ጊዜ ባለፈ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ጥርስ የተነቀለበት አጥንት በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ በዝግታ እየሟሸሸ ይሄዳል። አንትየ ታልግረን የተባሉ ተመራማሪ በ1972 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል በረጅም ጊዜ ውስጥ የሚያጣው ከፍታ ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ብዙ ሰዎች የላይኛውን ለምደው የታችኛውን ግን አልቀመጥ አለኝ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሙ እንግዲህ የሚለካው የጠፋን ነገር ነው። ለዚህም የታካሚውን ጡንቻዎች፣ መገጣጠሚያዎች፣ ከንፈርና ንግግር እንደ ምስክር ይጠቀማል።

በሰም የሚጀመር ሥራ

በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች የሁለቱም ድዶች ልክ ይወሰድና በጀሶ ቅጂ ይሠራለታል። በቅጂው ላይ ደግሞ ጥርስ የሌለው ጊዜያዊ መደብ ይዘጋጃል። በመደቡ ላይ ጥርሶቹ በሚቆሙበት ቦታ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፈ የሰም ጠርዝ ይደረግበታል። ሰም የተመረጠው በቀላሉ ስለሚቀነስ፣ ስለሚጨመርና ስለሚለሰልስ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከላይኛው ነው። ሐኪሙ የላይኛው ከንፈር ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥም ወደ ውጭ እንዳይገፋም ሰሙን ያስተካክላል። የሰሙ የፊት ጠርዝ ሁለቱን የዓይን ብሌኖች ከሚያገናኘው መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በጎን በኩል ደግሞ ከአፍንጫ ጎን ወደ ጆሮ መሃል ከሚሰመረው መስመር ጋር ይመሳከራል። ፈገግታ ሲመጣ ጥርሱ በአንድ ወገን ዘምሞ እንዳይታይ የሚያደርገው ይህ ነው። የፊት መሃል መስመርም በሰሙ ላይ ይጫራል፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶች የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው።

ከፍታው እንዴት ይገኛል?

ቀጥሎ ሐኪሙ አንድ ነጥብ በአፍንጫ ጫፍ፣ ሌላ ነጥብ ደግሞ በአገጭ ላይ ያደርጋል። ታካሚው ሳይደገፍ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ከንፈሩን እንዲያርስ፣ ምራቁን እንዲውጥ ወይም “ም” የሚለውን ድምፅ እንዲያሰማ ይጠየቅና ጡንቻዎቹ ሲዝናኑ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ይህ የእረፍት ልክ ይባላል።

በዚህ የእረፍት ሁኔታ የማንኛውም ጤናማ ሰው የላይኛና የታችኛ ጥርሶች አይነካኩም። በመካከላቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ስለዚህ የእረፍት ልኩ ለምሳሌ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ሰሞቹ ሲገጥሙ ልኩ ወደ 67 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ሐኪሙ የታችኛውን ሰም ከላዩ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ እዚህ ላይ ያደርሰዋል።

የጥቂት ሚሊ ሜትሮች ስህተት በመላው ፊት ላይ ይነበባል። ከፍታው ከበዛ ከንፈሮች ያለ ትግል አይገጥሙም፣ የመንጋጋ ጡንቻዎች ይደክማሉ፣ ድድ በሚደርስበት ጫና ይቆስላል፣ ሲያወሩም ጥርሶቹ ይንኳኳሉ። ከፍታው ካነሰ ደግሞ አገጭ ወደ አፍንጫ ይቀርባል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል፣ የማኘክ ኃይል ይቀንሳል። የአፍ ማዕዘኖች ይታጠፉና በምራቅ እየረጠቡ ይቆስላሉ። ሰውየው በአንድ ጊዜ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል።

የእረፍት ልክ ግን ብቻውን አይታመንም። አቀማመጥ፣ ድካምና ፍርሃት ይቀያይሩታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ንግግርን እንደ ሁለተኛ ምስክር የሚጠሩት። “ስ” የሚለው ድምፅ ሲወጣ የፊት ጥርሶች በጣም ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን አይነካኩም። በእንግሊዝኛ የሚሠሩ ሐኪሞች ታካሚውን ከ60 ጀምሮ እንዲቆጥር ማድረግ የተለመደ ነው። በአማርኛም ቁጥሩ ያው ይሠራል፦ “ስድሳ፣ ስድሳ አንድ፣ … ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሰባት”። በዚህ ቆጠራ ላይ ሰሞቹ ከተጋጩ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው። “ፍ” ሲባል ደግሞ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን የፊት ጠርዝ በቀስታ መንካት አለበት።

አስቸጋሪው አቅጣጫ

ከፍታው ከተገኘ በኋላ አቅጣጫው ይመዘገባል። ሐኪሙ የሚፈልገው የታችኛው መንጋጋ ሁለት ራሶች በየመገጣጠሚያቸው ውስጥ በትክክል ተቀምጠው መንጋጋው እንደ ማጠፊያ የሚዞርበትን ሁኔታ ነው። ይህ ሁኔታ የተመረጠው በጥርስ ላይ ስላልተመሠረተና በተደጋጋሚ ተመልሶ ሊገኝ ስለሚችል ነው።

ፈተናው ያለው ልማድ ላይ ነው። ለዓመታት ያለ ጥርስ ወይም ባለቀ አሮጌ ጥርስ የኖረ ሰው፣ ፊት ለፊት ለማኘክ ሲል መንጋጋውን ወደፊት መግፋት ይለምዳል። “ንከስ” ሲባልም ወደፊት ይገፋል። ሳይታወቅ እንዲህ ከተመዘገበ ጥርሶቹ በተሳሳተ ቦታ ይደረደራሉ። ከዚያም ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሲበላ መንጋጋው ወደ ተፈጥሯዊ ቦታው ይመለሳል፤ ጥርሶቹ በአንድ ወገን ቀድመው ይነካካሉ። በዚህ ጊዜ መደቡ ይንሸራተታል፣ ይነሳል፣ ድድንም ይፍቃል።

ስለዚህ ታካሚው የምላሱን ጫፍ ወደ ላንቃው የኋላ ክፍል አድርሶ ቀስ ብሎ እንዲገጥም ይጠየቃል። ሐኪሙም አገጩን ሳይገፋ በጣቱ ይመራዋል። የተገኘው አገጣጠም በለሰለሰ ሰም ወይም ቶሎ በሚደርቅ ማያያዣ ይያዛል። ጠንቃቃ ሐኪም አንድ ጊዜ ወስዶ አያበቃም፤ ደግሞ ይሞክራል፣ ሁለቱ ምዝገባዎች መስማማታቸውንም ያረጋግጣል።

ሌላም ዘዴ አለ። በአንዱ መደብ ላይ ትንሽ መርፌ፣ በሌላው ላይ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይደረጋል። ታካሚው መንጋጋውን ወደፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ መርፌው በሰሌዳው ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ምልክት ይስላል። የሚፈለገው ቦታ የቀስቱ ጫፍ ነው። ይህን ዘዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካስፋፉት መካከል የዙሪኩ ሐኪም አልፍሬድ ጊዚ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

ከዋሽንግተን ሞላ እስከ ዛሬ

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የፕሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክ የጥርስ ሐኪም የነበሩት ፊሊፕ ፋፍ በ1756 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰም ልክ መውሰድንና የሁለቱን መንጋጋዎች አገጣጠም መመዝገብን ገልጸዋል።

ጥበቡ ግን ለሁሉም አልደረሰም። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የቀራቸው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሶቻቸው ብዙዎች እንደሚያምኑት ከእንጨት ሳይሆን ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረታ ብረት የተሠሩ ነበሩ። የላይኛውንና የታችኛውን ያያያዙት ሞላዎች አፍን ወደ መክፈት ስለሚገፉ፣ ከንፈርን ገጥሞ ለመቆየት ጥርስን ነክሶ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ዋሽንግተን ጥርሱ እንደማይመቻቸውና ከንፈራቸውን ወደ ውጭ እንደሚገፋው ለሐኪማቸው ለጆን ግሪንውድ በደብዳቤ ገልጸዋል።

በ1858 አሜሪካዊው ዊልያም ቦንዊል የመንጋጋን እንቅስቃሴ የሚመስል አርቲኩሌተር የተሰኘ መሣሪያ ሠሩ። የጀሶ ቅጂዎቹ በተወሰደው ምዝገባ መሠረት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ ይታሰራሉ፤ የላብራቶሪው ባለሙያም ጥርሶቹን የሚደረድረው ታካሚው በሌለበት እዚያ ላይ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጆርጅ ስኖው ያስተዋወቁት ፌስቦው የተባለ ቀስት መሰል መሣሪያ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ ከመገጣጠሚያዎቹ ያለውን ርቀት ወደ አርቲኩሌተሩ ያሸጋግራል።

ዛሬ አፍን የሚያነብ ስካነርና ጥርስ የሚያትም ማሽን አለ። እነዚህም ቢሆኑ መንጋጋዎቹ የት ላይ እንደሚገናኙ ካልተነገራቸው አያውቁም። የተሳሳተ ምዝገባ ከተሰጣቸው ስህተቱን በፍጥነትና በጥራት ያትሙታል።

በወንበሩ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም

ምዝገባው ካለቀ በኋላ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ለሙከራ ይቀርባሉ። ይህ የመጨረሻው ርካሽ ዕድል ነው። በሰም ላይ ያለ ጥርስ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቀሳቀሳል፤ ሰሙ ወደ አክሪሊክ ከተቀየረ በኋላ ግን ጥቃቅን ነጥቦችን መሞረድ ቢቻልም፣ መሠረታዊው አገጣጠም ከተሳሳተ ሥራው እንደገና ከምዝገባው መጀመር አለበት።

እዚህ ላይ የታካሚው ድርሻ ከፍተኛ ነው። በአንድ ወገን ቀድሞ መነካካቱን፣ ከንፈር ሲገጥም መወጠሩን፣ ምራቅ መዋጥ መክበዱን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙ አዛውንት ግን ሐኪሙን ላለማስቸገር ወይም ያመጣቸውን ልጅ ላለማዋከብ “ጥሩ ነው፣ ይበቃል” ብለው ይነሳሉ። ያ ይሉኝታ በኋላ በገበታ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወላጆች ቋንቋ ሌላ እንቅፋት ነው። “ዘና ይበሉ”፣ “ምላስዎን ወደ ኋላ” የሚሉት ትዕዛዞች በትክክል ካልተረዱ መንጋጋው ወደፊት ይሄዳል። አስተርጓሚ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ የቤተሰብ አባል በዚህ ቀጠሮ መገኘቱ ከሌሎቹ ቀጠሮዎች ሁሉ በላይ ይጠቅማል። ንግግርም በራስ ቋንቋ ቢሞከር ይመረጣል። ሰውየው በየዕለቱ የሚናገራቸውን እንደ “ጸ” እና “ጨ” ያሉ ድምፆች አማርኛ የማያውቅ ሐኪም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ታካሚው ራሱ ቢያሰማቸውና ቤተሰቡ ቢያዳምጥ መልካም ነው።

ሌሎች ቀላል ነገሮችም ያግዛሉ። አሮጌው ሰው ሠራሽ ጥርስ የተበላሸ ቢሆን እንኳ ይዞ መሄድ፣ የራስ ጥርስ በነበረበት ዘመን የተነሱትን ፎቶ ማሳየት፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ በድካም ሰዓት ቀጠሮ አለመያዝ። ለአጭር እረፍት ወደ አገር ቤት ሄዶ በቀናት ውስጥ ጥርስ አስተክሎ ለመመለስ የሚያስብ ሰውም፣ ለሙከራውና ከዚያ በኋላ ለሚኖረው ማስተካከያ ጊዜ መተው ይኖርበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የተዘለለው ቀጠሮ ኋላ በብዙ ቀጠሮዎች ይተካል።

በሚገባ የተመዘገበ አገጣጠምም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። አጥንቱ መሟሸሹን፣ ጥርሱም ማለቁን ስለሚቀጥል፣ ምንም ሕመም ባይኖርም በየጊዜው መታየት ያሻል። ከዓመታት በፊት ልክ የነበረ ጥርስ ዛሬ መንኳኳት ከጀመረ፣ ጥያቄው ያው የመጀመሪያው ነው፦ ሁለቱ መንጋጋዎች አሁን የት ላይ ይገናኛሉ?