ሰፊ ቸርኬ ለዲኤክስ

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደ ፖንቲያክ ጂቲኦና ፎርድ ሙስታንግ ያሉ ጉልበተኛ መኪናዎችን ሲያወጡ ሞተሩ ግዙፍ፣ ጎማው ግን ለዛሬ ዓይን ቀጭን ነበር። ባለቤቶቹ ሰፊ ጎማ ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ ዞሩ። እኛ ዘንድ ያ አምሮት ያረፈው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ነው። በ1.3 ሊትር ሞተር ጉልበተኛ ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም እንደነሱ ኃይሉን የሚያወርደው በኋላ ጎማው ነው፤ ደግሞም ቀላል ነው። አዲስ መኪና በታክስ በናረበት፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በታገደበት አገር፣ አርባ ዓመት ያለፈውን መኪና ማሳመር ቅንጦት ብቻ አይደለም።

ጎማው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሥራው መጀመሪያ ነው። 155/80 በ13 ማለት ስፋቱ 155 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ፣ ቸርኬው 13 ኢንች ነው። ይህ ጎማ ከአናት እስከ መሬት 578 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። በምትኩ 185/60 በ14 ቢገባ ቁመቱ ያው 578 ገደማ ነው። ስፋቱ በ30 ሚሊ ሜትር ጨምሮ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዋሽም። 185/65 በ14 ከተመረጠ ግን ጎማው 3 በመቶ ያህል ስለሚተልቅ፣ መቁጠሪያው 60 ሲል መኪናው 62 እየሄደ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ስፋቱ ላይ ሳይሆን ቸርኬው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከስፋቱ እኩሌታ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ቁጥር ኦፍሴት ይባላል። ኦፍሴቱ ሳይለወጥ በ1 ኢንች የሰፋ ቸርኬ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ውስጡ የፊቱን ሾክ አብዞርበር ይነካል፤ ውጩ መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን ይፈጫል። ያንን ለማምለጥ ጎማውን በስፔሰር ወደ ውጭ የሚገፋ ሌላ ጣጣ ይገዛል፦ ኩሽኔታው ያለዕድሜው ያልቃል፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ በመሪው በኩል እጅ ትመታለች። የዲኤክስ መሪ ማገዣ የለውም፤ ሹፌሩ ጣጣውን መኪናው ቆሞ መሪ ሲያዞር በትከሻው ያውቀዋል።

የብሎኑ አቀማመጥም አለ። ዲኤክስ 4 ብሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው፤ የቶዮታ ቪትዝና የብዙዎቹ የኋለኞቹ ኮሮላዎች 100 ነው። የቪትዝ አሎይ ቸርኬ ስላማረ ብቻ አይገባም። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስፍቶ ማስገባት ደግሞ በእኔ ዓይን ወንጀል ነው።

አሁን ይህን መኪና ወደ ራያ እንውሰደው። ከወልድያ በጎብዬና በሮቢት ወደ ቆቦ የሚወርደው አስፋልት ላይ ሰፊ ጎማ ደስ ይላል፤ ከአላማጣ ወዲያ በግራት ካሕሱ ጥምዝ ወደ ኮረም ሲወጣም መንገዱን ይነክሳል። አስፋልቱን ለቀው ወደ ሜዳው ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቆቦ ጥቁር አፈር በክረምት ሲርስ ከጎማ ጋር ይጣበቃል፤ ሰፊው ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት ስለጠበበ ጭቃው እዚያው ይታጨቃል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች ውኃ በሌላቸው ጊዜ የሚጥሉት አሸዋ ደግሞ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ከስፋት ይልቅ ነፋስ መቀነስ ይበልጣል። ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው በርዝመቱ ይተኛል፣ ሸክሙም ይሰራጫል። ለዚህ ረጅም ጎን ያስፈልጋል። የ155/80 ጎን 124 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ195/50 በ15 ግን 98 ብቻ፤ ይህኛው አሸዋ ላይ ነፋስ ቢቀንሱለት ቸርኬው ድንጋይ ላይ ይጣመማል። ከአሸዋ ወጥቶ አስፋልት ሲይዙ ነፋሱን መልሶ መሙላት ግድ ነው፤ የጎደለው ጎማ በቆላው ሙቀት በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል።

ስለዚህ ዲኤክስ ይዞ ቆቦ የሚመላለስ ሰው 185/60 በ14 ላይ ቢቆም ይሻለዋል ባይ ነኝ። ባለ 15 ኢንቹን ለአዲስ አበባ ፒያሳ ይተወው። ሲገጥምም ሙከራው በባዶ መኪና አይሁን፦ የኋላ ወንበሩ ሰው ሞልቶ፣ መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ ይታይ። ብሎኖቹም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።