የበዓል ማዕድና የአረጋውያን ክብር፦ ከመቄዶንያ እስከ ጌጫ እድሮች

በኢትዮጵያ የዓመት በዓል በቀረበ ቁጥር፣ በእንቁጣጣሽም ሆነ በመስቀል፣ በገናም ሆነ በፋሲካ፣ በኢድ አልፈጥርም ሆነ በአረፋ፣ ጧሪና ደጋፊ ያጡ አረጋውያንን ሰብስቦ መጋበዝ ወይም ዱቄትና ዘይት በየቤታቸው ማድረስ የተለመደ ተግባር ሆኗል። ማዕድ ማጋራት በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን ይህን ተግባር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የእምነት ተቋማት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የሰፈር ወጣቶች ያከናውኑታል። የተግባሩ መልካምነት ባያከራክርም፣ ማዕዱ እንዴት ቢሰናዳ አረጋውያኑን በእርግጥ ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በቂ ትኩረት አላገኘም፤ ጥያቄው ደግሞ ይበልጥ የሚከብደው ሰፊ የመጦሪያ ማዕከል ለማቋቋም አቅም በሌላቸው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዋነኛ መጠጊያ በሆነባቸው እንደ ጌጫ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው።

ጌጫ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን፣ የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ዝናባማ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም የሰው ኑሮና የተፈጥሮ ጥበቃ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከጌጫ ወደ ቆላው ሲወረድ ቴፒ፣ አለፍ ሲልም ሚዛን አማንና በበቃ የሚገኙበት የቡና ምድር ይቀጥላል። በዚህ ምድር የሚያረጁ ሰዎች የመጡበት መንገድ የተለያየ ነው፤ በአባቱ ይዞታ ላይ እንሰት እየተከለና ቀፎ ከዛፍ ላይ እየሰቀለ የኖረ ገበሬ አለ፤ ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ የቀረ አለ፤ በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች የለቀማና የአረም ሥራ ፍለጋ ከሩቅ መጥቶ ጉልበቱን እዚያው የጨረሰም አለ። የመጀመሪያው ሰው ሲያረጅ ጎሳውና ልጆቹ በቅርብ ሊኖሩ ሲችሉ፣ የኋለኞቹ የሥጋ ዘመድ ግን ብዙ ጊዜ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

የጡረታ አበል ይህን ክፍተት አይሞላውም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ሕግ የታቀፉት በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ገበሬውና በየወቅቱ እየተመላለሰ ቡና የሚለቅመው የቀን ሠራተኛ ደግሞ በአብዛኛው ከሁለቱም ውጪ ናቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዝዛል፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በዋናነት የተነደፈው በተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ለሚያጠቃቸው ወረዳዎች በመሆኑ፣ አካባቢው ለምለም ነው ተብሎ በሚታሰብበት በእንሰትና በቡናው ምድር ያለ ድሃ ሽማግሌ በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም። የምድሩ ልምላሜ የነዋሪውን ችግር ሸፍኖታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አረጋውያንን በመሰብሰብና በመጦር ረገድ በአገሪቱ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ማዕከሉን በ2002 ዓ.ም. ያቋቋሙት ቢኒያም በለጠ ሥራውን የጀመሩት ከጎዳና ያነሧቸውን ጥቂት ሰዎች በአዲስ አበባ በሚገኘው የወላጆቻቸው ቤት በማስጠጋት ሲሆን፣ ማዕከሉ ዛሬ በዋና ከተማዋና በክልል ቅርንጫፎቹ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ይጦራል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው መሪ ቃሉም በአገር ውስጥና በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። ከዚህ ማዕከል የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ግን ከስፋቱ ይልቅ ሕዝቡ ወደ እርሱ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ሰዎች ወደ መቄዶንያ የሚሄዱት ለዓመት በዓል ብቻ አይደለም፤ ሙሽሮች የሠርጋቸውን ዕለት፣ ወላጆች የልጃቸውን ልደት ወይም ክርስትና፣ ሐዘንተኞች የሟቻቸውን ሙት ዓመት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ፤ ለዕለቱ ምሳ የሚሆነውን ወጪ ሸፍነው፣ አብረው ቆርሰው፣ ተመርቀው ይመለሳሉ።

በዚህ ልማድ ውስጥ ያለው ምርቃት ትንሽ ነገር ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። በኢትዮጵያ ድግስ ውስጥ ሽማግሌ የተወሰነ ሥራ አለው፦ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ይባርካል፣ ቡናው ሲፈላ ይመርቃል፣ የተጣሉ ካሉ ያስታርቃል፣ ወጣቱም ተነሥቶ ቦታ ይለቅለታል። አሮጊቷም እንዲሁ የቤቱን ሥርዓት የምታውቅ፣ ሙያውን የምታሳይና የምታርም ባለሙያ ናት። በሸዋም ሆነ በወሎ፣ በሸካም ሆነ በቤንች የምርቃቱ ቋንቋ ይለያይ እንጂ፣ ያለ አዛውንት ምርቃት የተጀመረ ድግስ እንደ ጎደለ ይቆጠራል። ድህነትና ብቸኝነት ከአረጋዊው ላይ የሚወስዱት ሥጋና እንጀራውን ብቻ ሳይሆን ይህን ሥራውን ጭምር ስለሆነ፣ ለአረጋውያን የሚሰናዳ የበዓል ማዕድ ከሁሉ በፊት ይህን ሥራ መልሶ ሊያስረክባቸው ይገባል። አረጋውያንን በፀሐይ አሰልፎ፣ የዘይት ጀሪካን አስይዞ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚጠናቀቅ ዝግጅት ሆድን ለጥቂት ቀናት ቢደግፍም፣ መራቂውን ወደ ለማኝነት የሚያወርድ በመሆኑ ባይደረግ ይሻላል፤ ዘይቱን በጎረቤት እጅ በጸጥታ ወደ ቤታቸው መላክ ይቻላልና።

ይህን ጥንቃቄ የእምነት ሥርዓቶች ከብዙ ዘመን በፊት አስበውበታል። በእስልምና ሥርዓት ዘካተል ፊጥር የሚባለው ምጽዋት፣ ማለትም እያንዳንዱ አቅም ያለው ቤተሰብ በረመዳን ማብቂያ በነፍስ ወከፍ የሚያወጣው የምግብ እህል፣ ከኢድ ሶላት በፊት ለድሃው መድረስ ይኖርበታል፤ ዓላማውም ድሃው የበዓሉን ዕለት ከመለመን ነፃ ሆኖ እንዲያሳልፍ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ደግሞ ዝክር፣ ማለትም በቅዱሳን ስም የሚደረግ ግብዣ፣ በየወሩ የሚመለስ በመሆኑ ነዳያን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየወሩ በሚታወቅ ዕለት የሚቀመጡበት ማዕድ ያገኛሉ። ስጦታው ከበዓሉ በፊት እንዲደርስ ማድረግና ግብዣው በታወቀ ቀን እንዲመላለስ ማድረግ ሁለት ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ሲሆኑ፣ በዘመናችን በሚደረጉ የማዕድ ማጋራት ዝግጅቶች ግን በብዛት የሚጎድሉት እነዚሁ ናቸው።

ከኢትዮጵያ ውጪም ተመሳሳይ ሐሳብ ያነገቡ ሰዎች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ አርማን ማርኪዜ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ የድሆች ታናናሽ ወንድሞች የተባለ ማኅበር መሥርቶ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ምግብ ማድረስ ጀመረ። ማኅበሩ ከዳቦ በፊት አበባ የሚል መርሕ ነበረው፤ ረሃብን ማስታገስ ብቻ በቂ አይደለም፣ ሰው እንግዳ ሆኖ መስተናገድና መከበርም ይሻል ማለቱ ነው። ማኅበሩ እስከ ዛሬ በገና ዕለት አረጋውያንን ወደ ማዕድ ይጋብዛል፤ መምጣት የማይችሉትንም በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ይጎበኛሉ፤ ይሁንና ሥራው ከገና ጋር አያበቃም፣ ጎብኚዎቹ በሌላውም ጊዜ እየተመላለሱ ይጠይቋቸዋል። ሀብታም በሆነች አገር፣ የጡረታ አበል በተሟላበት ኅብረተሰብ ውስጥ እንኳ ብቸኝነት በገንዘብ ብቻ አለመፈታቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በጌጫና በአካባቢዋ ይህን ሥራ ሊሸከም የሚችል ተቋም ከሌላ ቦታ መምጣት አያስፈልገውም፤ እድር አለ። እድር ጎረቤታሞች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፣ ከመካከላቸው ሐዘን ለደረሰበት ቤት ቀብር የሚያስፈጽሙበት፣ ድንኳን የሚተክሉበት፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግዱበትና ሐዘንተኛውን የሚያጽናኑበት ማኅበር ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተስፋፍቶ ከከተሞቹ እድገት ጋር ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል። ለአረጋውያን ማዕድ የሚያስፈልገው ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ በእድር ዕቃ ቤት ውስጥ አለ፤ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ወጥ የሚሠሩት፣ ቆጮ የሚያሰናዱት ሴቶች የሥራ ክፍፍል አላቸው፤ ከሁሉም በላይ የእድር ዳኛው ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ማን ልጁ እንደሞተበት፣ ማን ጠያቂ እንደሌለው ያውቃል። ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ይህን ዕውቀት ለማግኘት ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

የእድር ድክመትም መታወቅ አለበት። አባልነት የሚጸናው መዋጮ በመክፈል ስለሆነ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሽማግሌ ወርኃዊውን ብር መክፈል ሲያቅተው እድሩ ይበልጥ በሚያስፈልገው ዕድሜ ላይ ከመዝገብ ሊሰረዝ ይችላል፤ አባል ሆኖ ቢቆይም እድሩ በወጉ የሚደርስለት ከሞተ በኋላ ነው። ይህ ግን የማይለወጥ ሕግ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤችአይቪ ወረርሽኝ በየቤቱ ሞትን ባበዛ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ በርካታ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን በሕይወት ሳሉ መርዳት፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትንም መደገፍ ጀምረዋል። ለሕፃናትና ለሕሙማን የተከፈተው በር ለአረጋውያን የማይከፈትበት ምክንያት የለም፤ መነሻውም ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሆነ ችግረኛ አባል ከመዋጮ ነፃ ሆኖ አባልነቱ ሙሉ ሆኖ እንዲቀጥል በደንብ ውስጥ አንድ አንቀጽ መጨመር ነው።

የበዓሉ ማዕድ ለዚህ ሁሉ መግቢያ ሊሆን ይችላል። እንግዶቹን ለመጥራት ስም መመዝገብ የግድ ስለሆነ፣ በምዝገባው ጊዜ የእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስና እንደማያፈስ፣ ውኃና እንጨት ማን እንደሚያመጣላቸው፣ ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚያይና መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች በማዕዱ ዕለት ተገኝተው የደም ግፊት ቢለኩ፣ የዓይን ሞራ ያለባቸውንም ለይተው ወደ ቴፒ ሆስፒታል ወይም በሚዛን አማን ወዳለው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቢያስተላልፉ፣ አንድ ዕለት የብዙ ወራት ፍሬ ይሰጣል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያ መዝገብ ከተቀበረ ግን ድካሙ በከንቱ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ስም በአቅራቢያው ላለ አንድ ቤተሰብ ተሰጥቶ፣ ቤተሰቡ በየሳምንቱ በር አንኳኩቶ የመጠየቅ አደራ ሊቀበል ይገባል።

የዝግጅቱ ጥቃቅን ነገሮችም ከአካባቢው ጋር መስማማት አለባቸው። በሸካ ደጋ ዝናብ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ስለማይጠፋና መንገዱም ስለሚያዳልጥ፣ ግብዣው በረፋዱ ተጀምሮ እንግዶቹ ሰማዩ ሳይከብድ ወደ ቤታቸው እንዲደርሱ፣ መራመድ የማይችሉትም በወጣቶች ድጋፍ እንዲመጡ ማድረግ ይበጃል። ጥርስ ለሌለው ሰው ጥብስ ከማቅረብ የላላ ፍትፍት፣ ገንፎ ወይም በአይብና በጎመን የቀረበ ቆጮ ይሻላል፤ ግፊትና ስኳር ላለበትም ጨውና ቅቤ መቀነስ ያስፈልጋል። በአንድ ሰፈር የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም አረጋውያን አብረው ስለሚኖሩ፣ ጾምና ሥጋ የማይገጣጠሙበትን ቀን መጠበቅ ወይም የጾም ምግብ አብሮ ማሰናዳት እንግዳን ከማሸማቀቅ ያድናል። መስከረም 21 አካባቢ የሚውለው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. የወሰነው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን የማንም ሃይማኖት በዓል ስላልሆነ ሁሉም አብረው የሚቀመጡበት አመቺ ዕለት ነው፤ መስቀልም ገና ከማለፉ ነው።

ሕጉም እንቅፋት አይሆንም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እድርና እቁብ ያሉ ባህላዊ ተቋማትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጪ ያደረጋቸው ስለሆነ፣ እድር ለራሱ ሰፈር አረጋውያን ማዕድ ለማሰናዳት በዚህ አዋጅ መመዝገብ አይጠበቅበትም። ሥራው ሰፍቶ ከሩቅ ለጋሾች እርዳታ ማሰባሰብ ቢያስፈልግ ግን፣ በዚሁ አዋጅ መሠረት በማኅበርነት መመዝገብና የሒሳብ ግልጽነትን መጠበቅ ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነቱን ሥራ በባዕድ አገር እንኳ ሠርተውታል፤ በአሜሪካ የሲያትል የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ለአነስተኛ ገቢ አረጋውያን የሚሆኑ 90 መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ አሠርቶ የኢትዮጵያ መንደር ብሎ ሰይሞታል። የጌጫ፣ የማሻ፣ የቴፒና የሚዛን እድሮች ሕንፃ መሥራት አይጠበቅባቸውም። የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ግን ከሚቀጥለው መስከረም በፊት መዝገባቸውን ከፍተው፣ በመዋጮ ጉድለት የተሰረዙትን አረጋውያን ስም እንዲመልሱና ለበዓሉ ማዕድ በመራቂነት እንዲጋብዟቸው ይጠየቃሉ።