ሳይነኩት የሚደክም ኮምፒዩተር

መብራት በጠፋ ጊዜ የቢሮአችን ደረሰኝ የሚጻፈው በአንድ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ባትሪ ነው። ይኸው በሊኑክስ የሚሠራ መሣሪያ ግን ማንም ሳይነካው ይግል፣ ባትሪውም ደረሰኙ ተጽፎ ሳያልቅ ይከዳ ጀመር። ጠጋኙ አዲስ ባትሪ ግዙ ቢልም፣ ወጪው ሳይፈቀድ ምክንያቱ እንዲመረመር ጠየቅን።

በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚያስተዳድረው ኤክስ ኦርግ የተባለው ፕሮግራም የማውዝንና የኪቦርድን መልእክት ይቀበላል። ትክክለኛ አሠራሩ ተኝቶ መጠበቅ ነው፤ ማውዝ ሲነካ ከርነል ይቀሰቅሰዋል። ብልሹው አሠራር ግን «ዕቃው ገባ ወይ?» እያለ በየደቂቃው ወደ ጉምሩክ የሚመላለስ ተላላኪን ይመስላል፤ ዕቃው ባይገባም ጫማው ያልቃል።

በመጀመሪያ እጅን ከመሣሪያው አንሥቶ በቶፕ መመልከት ነው፤ ኤክስ ኦርግ ያለ ሥራ ፕሮሴሰሩን ከያዘ ያስጠረጥራል። ቀጥሎ ኤስትሬስ ፕሮግራሙ ከርነልን የሚጠይቀውን ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡ በዚያው ስክሪን ከታየ ማሳየቱ ራሱ ኤክስ ኦርግን ስለሚቀሰቅስ፣ በፋይል ይጻፍ። ደግሞም በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.19 እትም ወዲህ የማውዝ ንባብ በተለየ የሥራ ክር ስለሚካሄድ፣ ኤስትሬስ ክሮቹን ሁሉ እንዲከተል ማዘዝ ያሻል፤ እኛ ይህን ባለማወቅ ግማሽ ቀን አባከንን።

«ሪድ» የተባለው ጥያቄ «ለጊዜው የለም» የሚል መልስ እየተሰጠው ያለ ዕረፍት ከተደጋገመ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ከጥያቄው ጋር የሚጻፈው ቁጥር የትኛው መሣሪያ እንደ ሆነ ያመለክታል። የዩኤስቢ ማውዝ በሰከንድ 125 ጊዜ መጠየቁ ግን የመቈጣጠሪያው ቺፕ ሥራ ነውና ነቀፋ የለበትም።

የእኛው ጥፋተኛ በጣት ለሚነካ ስክሪን የተጫነ አሮጌ ድራይቨር ነበር። እርሱ ሲነሣ ኤክስ ኦርግ ተኛ፤ ባትሪውም አልተገዛም።